የፊተኛው ክፍል ቴሌቪዥን

«አትሰማም፤ ተናገር፣ ችግር የለም» አለኝ ልጃቸው። እናቱ ከእኛ ሁለት እርምጃ ርቀው፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ዓይን ዓይናችንን ያዩናል። እኔ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተንበርክኬ የኋላ ክዳኑን እየፈታሁ ነበር። ሠላሳ ዓመት በሰው ቤት ስንበረከክ ብዙ ሰምቻለሁ፤ ባልና ሚስት ሲሰዳደቡ፣ ወንድምና እህት በውርስ ሲናከሱ። ከቴሌቪዥን ጀርባ ያለ ሰው እንደ ዕቃ ስለሚታይ ማንም አያፍረውም። እናት በገዛ ክፍሏ እንደ እኔው ከዕቃ ስትቆጠር ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ክፍሉ ከቤቱ ሁሉ የሚሻለው ነው። መስኮቱ ወደ መንገድ ያያል፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይገባበታል። አልጋው ወታደር ያነጠፈው ይመስል ተወጥሮ ተነጥፏል፤ ከራስጌው የመድኃኒት ብልቃጦች በቁመታቸው ተደርድረዋል። ቴሌቪዥኑ ከኋላው ትልቅ ሆድ ያለው የድሮ ዓይነት ሲሆን ከላይ በእጅ የተሠራ ዳንቴል ለብሷል። ዛሬ ማንም ቀና ብሎ አያየውም፤ በተገዛ ሰሞን ግን ጎረቤት ሁሉ ተጠርቶ ነበር የሚታየው። እናትየዋ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የስልክ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው ሰውን ከሰው ሲያገናኙ ኖረዋል። ቤተሰቡም አለመስማታቸውን ከዚያው ጋር ነው ያያያዘው። «ማዳመጫው ነው ጆሮዋን የበላው» አለኝ ልጅየው፣ አሁንም እዚያው እፊታቸው። «ዶክተር ምን አለ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ለዚህ ደግሞ ዶክተር ምን ያደርጋል? ቴሌቪዥኑን እስከ መጨረሻው ነው የምትከፍተው። ልጆቹ ማጥናት አቃታቸው፣ ጎረቤት እንኳ መጥቶ አቤት አለ።»

አሳቡን ሁሉ ዘረዘረልኝ። እሱና ሚስቱ እንደ ትሪ የሳሳ፣ ግድግዳ የሚሸፍን አዲስ ቴሌቪዥን መርጠዋል፤ ዋጋው የአንድ አስተማሪ የአምስት ወር ደመወዝ ይሆናል። በቤቱ ውስጥ እሱን የሚችል ባዶ ግድግዳ ያለው ይህ የፊተኛው ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ ክፍሉ ሳሎን ይሆንና እናትየዋ ከማድ ቤቱ አጠገብ ወዳለችው የኋላ ክፍል ይዛወራሉ። «ለእሷም ጸጥ ይልላታል» አለኝ። ለማይሰማ ሰው ጸጥታ ምን ይፈይድለታል ብዬ በሆዴ አልኩ። እናትየዋ እምቢም እሺም አላሉም፤ አንድ ነገር ብቻ ጠይቀዋል፤ ባለሙያ ይየው። በእሳቸው መሥሪያ ቤት እንዲያ ነበር። ሰው ሁሉ ስለ አንድ መስመር የፈለገውን ቢያወራ፣ የመስመር ሠራተኛው ምሰሶው ላይ ወጥቶ በእጁ ሳይፈትነው ሞቷል ተብሎ አይጻፍም፤ እሱ ሞቷል ካለ ግን ማንም አይከራከርም። ቴሌቪዥናቸው ይሠራል ከተባለ እዚያው ይቀመጣሉ፣ በቃው ከተባለ ቃል ሳይተነፍሱ ወደ ኋላ ይገባሉ። በዚህ ተስማምተዋል። ፍርዱም እኔ እጅ ላይ ወደቀ።

አይሰሙም ተብያለሁና እኔም ድርሻዬን ተወጣሁ። «እማማ! ከተበላሸ ስንት ጊዜ ሆነው?» ብዬ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደምጠራ ጮህኩባቸው። ጥቂት አዩኝና በለሰለሰ ድምፅ፣ «ድምፁ ከታፈነ ዓመት ሊሆነው ነው፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። ልጅየው ሳቀ። «አየህ? እሷ ደህና ናት፤ ጥፋተኛው ቴሌቪዥኑ ነው።» እኔም ፈገግ አልኩ፤ መቼም የሥራ ሰጪ ቀልድ ይሳቅለታል። በዚህ መሃል አንዲት ብሎን ከእጄ አመለጠችና ተንከባለለች። ወዲያ ወዲህ ስዳብስ እናትየዋ፣ «አልጋው ሥር ገብታለች፣ በግድግዳው በኩል» አሉኝ። እጄን ሰድጄ አወጣኋትና ቴሌቪዥኑን ከፈትኩት። የድምፁ መጠን ስልሳ ላይ ነበር የተተወው። ዜና አንባቢው አፉ ላይ ትራስ የተጫነበት ይመስል ቤቱን እያንቀጠቀጠ ያጉተመትማል፤ አንዲት ቃል ግን አትለይም። ምራታቸው ከማድ ቤት ብቅ ብላ ጆሮዋን ያዘችና ተመለሰች። ሱቅ ወስጄ ካልፈተሽኩት አልናገርም አልኳቸው።

እኔና ልጅየው ተሸክመን እስከ ውጭው በር አወጣነው። ታክሲ እስኪመጣ መንገድ ዳር አስቀምጠን ስናርፍ፣ ግራና ቀኙን አየና ጠጋ አለኝ። «ጋሼ፣ ‹ይነሳል› የሚሉህ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሰፈሩ ያወጣልኝ ስም ይኸው ነው። የተቃጠለም፣ ውኃ የገባበትም፣ ከፎቅ የወደቀም ሲመጣልኝ «ይነሳል» ስለምል ነው። «ይኼን ግን አታስነሳው። አይሠራም በላት፤ ካንተ አፍ ከሆነ ትቀበላለች።» ከዚያ ስለ ሥራው ነገረኝ። አርባ ክፍል ያለው ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ነው፤ አርባ ክፍል ማለት አርባ ቴሌቪዥን ነው፤ ይጠግን የነበረው ሰውዬ ሥራ ለቋል። «ከሰኞ ጀምሮ ያንተ ናቸው» አለኝ።

ያኔ ፊቱን አይቼ «ነውር አይደለም ወይ? እናትህ ናቸው እኮ» ብዬው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ስተርክ ደረቴን እነፋ ነበር። አላልኩም። «እስኪ ልየው» አልኩት። እምቢ ማለት ያቃተው፣ እሺ ማለት ያፈረ ሰው የሚላት ቃል እሷ ናት። እሱም ገብቶታል፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና የታክሲውን ሂሳብ ከፈለ።

ሱቄ እንደ መተላለፊያ ጠባብ ነው። ግማሹን የሞባይል ሽፋን ለምትሸጥ ሴት አካፍያለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ኪራዩን የሚገፋው የእሷ ግማሽ ነው። ድሮ ወረፋ የሚያዝበት ቤት ነበር። አሁን ሰው የሚያስጠግነው ሲቸግረው ብቻ ነው፤ ዕቃ ትንሽ ካንገራገረ «ጣለው፣ አዲስ ይሻላል» ይባላል፤ የሚጣለውን ደግሞ እኔው ሰብስቤ ጣራ አድርሼዋለሁ። ያረጀ ሁሉ ይጣል የሚል ሰው ራሱ አርጅቶ ቢያየው ደስ ይለኛል። ይህን ሁሉ እያጉረመረምኩ ቴሌቪዥኑን ጠረጴዛው ላይ ስጭን ባለ ሽፋኗ ጉዳዩን ጠየቀችኝና ነገርኳት። አልተገረመችም። «ከነገሩ ጾም እደሩ» አለችኝ። «የሰው ቤት ጣጣ ነው፤ አንተን ምን አገባህ? አርባ ቴሌቪዥን እንደሆነ ሁለቴ አይገኝም። አይሠራም በልና ገላግላቸው፤ መቼም ከነገ ወዲያ መሞቱ አይቀርም።» ቴሌቪዥኑን ማለቷ ነው።

ሥዕሉ ደህና ነው፤ ቀለሙ ጥቂት ወደ ቢጫ ይላል እንጂ አያስከፋም። ሰሌዳውን በብሩሽ አራገፍኩ፣ የላሉትን ብየዳዎች ደገምኩ፣ ድምፁ ግን ያው ነው። በመጨረሻ ከሆዱ በስተግራ ያለውን ድምፅ ማጉያ ፈትቼ ብርሃን ላይ አየሁት። ዙሪያውን ያለው ወረቀት ደርቆ፣ ተሰንጥቆ፣ ስነካው በጣቴ ላይ እንደ አመድ ረገፈ። ከጣራ ሥር ካለው ቁልል ውስጥ ከሞተ ቴሌቪዥን አንድ ደህና ማጉያ ነቅዬ ሁለቱን ሽቦዎች በየድኩና ከፈትኩት። ስልሳ ላይ መሆኑን ረስቼው ነበር። ባለ ሽፋኗ ከወንበሯ ዘለለች፣ የጎረቤቱ ጫማ ሰፊ መርፌውን እንደያዘ ብቅ አለ። ወደ ሃያ ዝቅ አደረግኩት፣ አሁንም «ቀንሰው» አለችኝ። አሥር ላይም ይጮሃል። አምስት ላይ ስደርስ ዜና አንባቢው እዚያው ከእኛ ጋር የተቀመጠ ሰው መሰለ፤ ቃል ሲጨርስ የሚስበው ትንፋሹ እንኳ ይሰማል።

እጄ ሪሞቱ ላይ እንዳለ ቀረሁ። ከአልጋ ሥር የገባችውን ብሎን አስታወስኳት። ማን አሳያቸው? ከተቀመጡበት ሆነው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለው ወለል አይታያቸውም። የስንዴ ቅንጣት የምታህል ብሎን ሲሚንቶ ላይ ስትንከባለል በጆሯቸው ተከትለዋት ነው የገባችበትን የነገሩኝ። እኔ ወንዝ ማዶ ላለ ሰው ስጮህም፣ ጆሯቸው ደህና ሆኖ ሳለ ጩኸቴን ችለው በለሰለሰ ድምፅ መለሱልኝ። ልጃቸው «አትሰማም፣ ተናገር» ሲለኝም እየሰሙ ነበር። ቆሽቴ አረረ። አንድ ዓመት ሙሉ! የጣት ጥፍር ስፋት ያላት ወረቀት ስለደረቀች እኚህ ሴት ደንቆሮ ተባሉ፤ እፊታቸው ተወራባቸው፣ ክፍላቸው በላያቸው ተከፋፈለ። ይህን ለማወቅ ባለሙያ እንኳ አያስፈልግም ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱ፣ አንድ ቀን፣ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ አንዲት ዜና አብሯቸው ቢያይ ኖሮ፣ ለእሱም እንደማይሰማው ያውቅ ነበር። ማንም አልተቀመጠም። ጩኸቱን ሁሉም የሰሙት ከሌላ ክፍል ሆነው ነው።

ክዳኑን እየዘጋሁ ስልኬ ጮኸ። ልጅየው ነው። «እንዴት ሆነ?» አለኝ። «ይዤው እመጣለሁ» አልኩት። «ለምን ትደክማለህ? ለዕቃ ውሰደው፣ ይጠቅምሃል። አዲሱ ደርሷል።» ዘጋሁበት። ባለ ሽፋኗ አየችኝና ራሷን ነቀነቀች፤ ግን ከዚያው ተነሥታ እስከ ታክሲው ድረስ በአንድ ጎን አግዛኝ ተሸከመች።

ከሰዓት በኋላ ስደርስ ክፍሉን አላወቅኩትም። አልጋው የለም። ወንበሮቹ ገብተዋል፣ ግድግዳው ተበስቶ ነጭ አቧራው ገና አልተጠረገም፣ አዲሱ ቴሌቪዥን ፕላስቲኩ እንዳለበት ተሰቅሎ ጥቁር መስተዋት መስሏል። ሁለቱ ልጆች ካርቶኑ ውስጥ ገብተው ይጫወታሉ። በኮሪደሩ መጨረሻ የኋላዋ ክፍል በሯ ገርበብ ብላለች፤ በስንጥቋ የአልጋው ጫፍና የእናትየዋ ጉልበት ይታየኛል። አንድ እግራቸው አጠገብ የዱቄት ጆንያ፣ በሌላው በኩል ባዶ ጀሪካኖች። ክፍሏ መስኮት የላትም። ልጅየው እኔንና የተሸከምኩትን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። «ምን አስመጣህ? ነግሬያታለሁ እኮ» አለኝ በሹክሹክታ። «ምን ብለህ?» «ባለሙያው አይሠራም አለ ብዬ ነዋ። ምንም አላለችም፤ ራሷ ተነሥታ ገባች።»

በእኔ ስም ነው። ያላልኩትን በእኔ አፍ አስብሎ፣ በእኔ ሙያ አስምሎ እናቱን ጆንያ መሃል አስገባ። እሳቸውም የመስመር ሠራተኛ ቃል ነው ብለው፣ ቃላቸውን አክብረው፣ በእግራቸው ሄደው ገቡ። ሰው በክብሩ ይህን ያህል ሲሞኝ አይቼ አላውቅም። ቴሌቪዥኑን አዲሱ ምንጣፍ መሃል ላይ አስቀመጥኩት። «ኧረ ምንጣፉን!» አለች ምራቲቱ። ሶኬቱን ሰካሁ፣ አንቴናውን አያያዝኩ፣ አምስት ላይ አድርጌ ከፈትኩት። ሥዕሉ ቀስ ብሎ መጣ። የአየር ሁኔታ እየተነገረ ነበር፤ የተናጋሪዋ ድምፅ ጥርት ያለ፣ ግን ከሁለት ሰው ጨዋታ የማይበልጥ።

«እሺ፣ ድምፁ መጣ እንበል» አለኝ ልጅየው። «በዚህ መጠን ግን እንኳን እሷ፣ እኔም ጆሮዬን መቀሰር አለብኝ።»

ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከጆንያዎቹ መሃል፣ የእናቱ ድምፅ መጣ። «አመሻሹ ላይ ዝናብ አለ ብላለች። ልብሱን ከገመድ አንሡ።»

ማንም አልተነሣም። ምራቲቱ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። ልጅየው መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን፣ ቀጥሎ ኮሪደሩን፣ ቀጥሎ ሚስቱን አየ፤ የዓመቱን ወሬ ወደ ኋላ እየቆጠረ እንደነበር ከፊቱ ታነባለህ። በየምሳው፣ በየእራቱ፣ እሳቸው አጠገብ ተቀምጠው እየበሉ የተባለው ሁሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ስለ ራስህ የሚወራውን መጨረሻ የምትሰማው አንተ ነህ ለማለት። ለእኚህ ሴት ግን እንዲያ አልሆነላቸውም፤ ስለ ራሳቸው የተወራውን አንድ በአንድ፣ ከተናጋሪዎቹ አፍ፣ ዳቦ እየቆረሱ ሰምተዋል። እናትየዋ በግድግዳው ተደግፈው መጡና በር ላይ ቆሙ።

«እማዬ... ትሰሚያለሽ እንዴ?» አላቸው።

«መስማቴን መቼ ተውኩ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?»

«ነገርኳችሁ። አንድም ሁለትም ቀን ነገርኳችሁ። ‹ደንቆሮ ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው› ብለህ ሳቅክ፤ ልጆቹም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ምን ልበል?» ድምፃቸው አልተለወጠም። ወደ እኔ ዞሩ። «የኔ ልጅ፣ አይሠራም ብለሃል አሉኝ።»

«አላልኩም፣ እማማ» አልኩ። «ይሠራል። የተበላሸው ማጉያው ነበር፣ ለውጬዋለሁ። ሌላ አሥር ዓመት ያገለግልዎታል።»

«ድምፁ ነው ብዬ ነበር» አሉ፣ ለራሳቸው ያህል። ከዚያ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። «ባለፈው ሳምንት ምራቴ፣ እግዜር ይስጣትና፣ የኋላውን ክፍል ቀለም እናስቀባው አለችህ። ‹ለስንት ጊዜ ብለሽ ነው?› አልካት። እኔ እዚህ ጋ ተቀምጬ መድኃኒቴን እየዋጥኩ ነበር።» «እውነትህን ነው፣ ቀለም አያስፈልገውም። ጆንያው ያለ ቀለምም ይኖራል። ይህን ቤት የሌሊት ፈረቃ እየገባሁ ነው የሠራሁት፤ ስተኛበትም በመረጥኩት ክፍል ነው። አልጋዬን አምጡልኝ።»

ይህን ብለው አንዱ አዲስ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው የአየር ሁኔታውን ጨርሰው ያዩ ጀመር። ምራቲቱ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ መግፋት ያዘች፤ ዓይኗ ቀልቷል። እሷን አልፈርድባትም፤ ቢያንስ ስለ ቀለም ያሰበች እሷ ናት። እኔና ልጅየው ወደ ኋላ ሄድን። አልጋው ከባድ እንጨት ነው፤ እሱ ራስጌውን፣ እኔ ግርጌውን ያዝን። ከጆንያዎቹ መሃል አውጥተነው ኮሪደሩ ላይ በጎን ስናዞረው ፊታችን ተቀራረበ። በንዴት ፊቱ ቲማቲም መስሏል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ የዓመት ልማድም በአንድ ከሰዓት አይለቅም። ትንፋሹ እንጂ ድምፁ በማይሰማ ሹክሹክታ፣ «የሆቴሉን ነገር እርሳው» አለኝ።

«የምን ሆቴል ነው?» አሉ እናትየዋ ከፊተኛው ክፍል።

ልጅየው በአልጋው ላይ አሻግሮ አየኝ። ዓይኑ ይለምናል፤ አፉን እንኳ ሊከፍት ፈራ። አልጋውን መሬት አስቀመጥኩና፣ ድምፄን ከፍ ሳላደርግ ነገርኳቸው።